ተማሪው፣ ስልኩና ኃላፊነቱ

ኅብረተሰብ አዲስ መሣሪያ በእጁ ባስገባ ቁጥር መሣሪያውን በአግባቡ ለመጠቀም የሚያስችለው ንቃተ ኅሊና አብሮ ተገዝቶ አይመጣም። ንቃቱ በትምህርት፣ ትምህርቱም በተደራጀ ጥረት የሚገኝ ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በመላ አገሪቱ ሲጀመር መነሻው ይኸው እምነት ነበር። ውሎ አድሮ በ15 የብሔረሰብ ቋንቋዎች በተካሄደው በዚያ ዘመቻ ወጣት ተማሪዎች አያት የሚሆኗቸውን ሰዎች ፊደል አስቆጥረዋል። ዛሬም በደሴና በኮምቦልቻ ልጅ ወላጁን ሲያስተምር ይታያል። ቴሌብር የሚከፍትለት፣ ከዓረብ አገር እኅቱ የላከችውን የድምፅ መልእክት የሚያሰማው ልጁ ነው። ከዚህም የተነሣ ብዙ ወላጅ «ልጄ ከእኔ ይበልጥ ያውቃል» ብሎ ነገሩን ትቶታል። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ልጁ የሚያውቀው መሣሪያው እንዴት እንደሚነካ ነው፤ አንድ ወሬ በሰፈር ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቀው ግን ወላጁ ነው።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለው የአበው አነጋገር ለወሎ ሰው የመልክዓ ምድር ገለጻም ጭምር ነው። ቀድሞ ደሴ አራዳ ላይ የተነገረ ወሬ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ እስኪደርስ ጊዜ ይወስድበት ነበር። በመካከሉም ቡና ላይ ይጣራል፤ ሽማግሌ ያገኘዋል፤ «ማን አየ? አንተ ራስህ በቦታው ነበርክ?» ተብሎ ይጠየቃል። በክርስቲያንና በሙስሊም ዝምድና በተሳሰረ አገር ያልተጣራ ወሬ ምን እንደሚያስከትል ስለሚታወቅ ጥያቄው እንደ ነውር አይቆጠርም። ዛሬ ያው ወሬ በአንድ ጣት ንክኪ ሐረጎን ተሻግሮ ጂዳና ቤይሩት ይደርሳል። በመንገዱ ላይ የሚጠይቀው ሽማግሌ የለም።

ይህ ጸሐፊ ስለ ሌላው ከመናገሩ በፊት የራሱን ጥፋት መናገር ይገባዋል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲቃረብ፣ በከተማይቱ ትምህርት ቤቶች ተጠልሎ የነበረው ተፈናቃይ ከነዋሪው ጋር እንደገና ወደ ደቡብ ሲጓዝ፣ አንድ የሚዘገንን ፎቶግራፍ በቴሌግራም ደረሰው። እርሱም ለዘመዶቹ ሁሉ አስተላለፈው። ፎቶግራፉ ከዚያ ብዙ ዓመት አስቀድሞ በሌላ አገር የተነሣ መሆኑን የተረዳው በሳምንቱ ነው። ኮምቦልቻ የነበረች አክስቱ ግን በዚያ ሥዕል ምክንያት ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። በውጭ አገር በጋዜጠኝነት ትምህርቱ ከሁሉ አስቀድሞ የተማረው የወሬን ምንጭ መጠየቅ ነበር! የተማረ ሰው በፍርሃት ጊዜ ይህን ካደረገ፣ ከ8ኛ ክፍል ተማሪ ምን ሊጠበቅ ይችላል?

በዚያው በጥቅምት ወር ሁለቱ ከተሞች በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገቡ። በእነዚያው ቀናት በባሕር ዳር የደረሰው ደግሞ ለትምህርት የሚሆን መራራ ምሳሌ ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ከሐሰት ውንጀላ ጋር በፌስቡክ ተሰራጨ። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ከቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ ጽሑፎቹ እንዲነሡ ቀደም ብሎ ማመልከቱን ገልጾ፣ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የፌስቡክን ባለቤት ሜታ ኩባንያን ናይሮቢ ውስጥ ከሷል። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል። የኩባንያው ኃላፊነት በፍርድ ቤት የሚመረመር ነው። ነገር ግን ጽሑፉን ኩባንያው አልጻፈውም፤ ያሰራጩትም ሰዎች ናቸው። ከእነርሱ መካከል ሟቹን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ፣ «እኔ እኮ አሳለፍኩት እንጂ አልጻፍኩትም» የሚል አይጠፋም። ተማሪው ከሁሉ አስቀድሞ ሊማር የሚገባው ይህ አባባል ከኃላፊነት የማያድነው መሆኑን ነው።

ሕጉም ቢሆን በዚህ ረገድ ግልጽ ነው። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግር ያሰራጨን ሰው እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ይጥልበታል፤ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከተፈጸመ ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ይደርሳል። በወንጀል ሕጋችን 15 ዓመት የሞላው ወጣት በመደበኛው ድንጋጌ ሊጠየቅ እንደሚችል ስንት ተማሪ ያውቃል?

እስካሁን የተነገረው ተማሪው በሌላው ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ነው። በእርሱ ላይ የሚደርሰውም ቀላል አይደለም። አንባቢው አንድ ትንሽ ነገር ልብ ይበል። ፌስቡክና ቲክቶክ ከ13 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አይፈቀዱም። በ2007 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ስልኩ የልደት ዘመን ሲጠይቀው የሚያውቀውን «2007» ብሎ ይሞላል። መሣሪያው የሚቆጥረው በአውሮፓውያን ዘመን ስለሆነ በ2018 ዓ.ም. 11 ዓመት የሆነውን ሕፃን የ18 ወይም የ19 ዓመት ጎልማሳ አድርጎ ይቀበለዋል። ለሕፃናት የተቀመጠው ጥበቃ ሁሉ ይነሣለታል፤ ያልታወቀ ሰው መልእክት ይልክለታል፤ ለአዋቂ የተዘጋጀው ሁሉ ይቀርብለታል። ልጁ አልዋሸም። ወላጁ ዛሬ ማታ ስልኩን ተቀብሎ ቢመለከት ይህን ራሱ ያገኘዋል።

ከዚህ የከፋው ማስፈራራት ነው። አንዲት ተማሪ ያመነችው ሰው ፎቶግራፏን ይጠይቃታል፤ ከላከች በኋላ «ገንዘብ ካልላክሽ ለአባትሽ አሳያለሁ» ይላታል። ገንዘቡ ቢከፈልም ጥያቄው አያቆምም፤ የተላከ ሥዕል ከላኪው ስልክ ቢጠፋም ከተቀባዩ አይጠፋምና። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን ማስፈራራትና የሕፃናትን የወሲብ ምስል ማሰራጨት በወንጀልነት ደንግጓል። መልእክቶቹን ሳያጠፉ በማስረጃነት ይዞ ለፖሊስ ማመልከት ይቻላል። የአስፈራሪው ጉልበት ግን በስልኩ ውስጥ ያለ አይደለም። ጉልበቱ ልጅቱ ከአባቷ ዱላ ይልቅ እርሱን መታዘዝ መምረጧ ነው። እንግዲህ በቤት ውስጥ «ምንም ቢደርስ መጥተሽ ንገሪኝ» ያላለ አባት ልጁን ከማንኛውም የሚስጥር ቁጥር በላይ አጋልጧታል።

አንዳንድ ሰዎች መፍትሔው ስልኩን መንጠቅ ነው ይላሉ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለረጅም ወራት ዘልቋል። ተማሪው በዚያ ጊዜ ወሬ መለየትን አልተማረም፤ አገልግሎቱ ሲመለስ ያው ተማሪ ያንኑ ስልክ አነሣ። በሁለተኛ ደረጃ የሚሰጠው የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ትምህርት መልካም ጅምር ነው፤ ይሁን እንጂ አሁን የሰውን ድምፅና መልክ አስመስሎ የሚሠራ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በተስፋፋበት ጊዜ ትምህርቱ በኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ብቻ ሊቀር አይገባም። የአማርኛው መምህር አንድ የተሰራጨ ጽሑፍ አቅርቦ «ማን ጻፈው? መቼ? ሌላ ማን ዘገበው?» ብሎ ሊያስመረምር ይችላል። የሥነ ዜጋው መምህር አዋጁን ሊያስነብብ ይችላል። ለዚህ ጥቁር ሰሌዳ ይበቃል።

የቀረው የቀበሌው፣ የእድሩና የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረቱ ሥራ ነው። ስብሰባው ልጆቹ ባሉበት ቢካሄድ ይመረጣል። ልጆቹ የልደት ዘመኑ እንዴት እንደሚታረምና ያልታወቀ ሰው እንዴት እንደሚታገድ ለታላላቆቻቸው ያሳያሉ፤ ታላላቆቹም «ማን አየ?» ማለትን ያስለምዷቸዋል። በኮምቦልቻ ግን ስብሰባ ቅዳሜ ጧት ሊጠራ ይችላል። የሌሊት ፈረቃ ያደረው ወዝ አደር በዚያ ሰዓት እንቅልፍ ላይ ነው፤ ልጁ ደግሞ ስልኩን ይዞ ቤት ውስጥ ነው። የኅብረቱ ኮሚቴ የፈረቃውን ሰሌዳ ከፋብሪካዎቹ ጠይቆ ሰዓቱን በዚያ መሠረት ቢወስን ከዚህ ወር ጀምሮ ሊሠራበት ይችላል።