የሕዋስ ማገርና ልጥ

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ሕዋስ ሲጽፍ የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞችና እኅቶች ፈገግ ማለታቸው አይቀርም። ነገሩ ግን የቅርጽ ጉዳይ ነውና እኛንም ያገባናል።

ብዙዎቻችን ሕዋስን ውሃ የተሞላ ከረጢት አድርገን እናስበዋለን። ነገር ግን ሕዋስም እንደ ጭቃ ቤት ቋሚና ማገር አለው። ከነዚህ አንዱ የአክቲን ክር ነው። አክቲን የተባለውን ፕሮቲን እ.ኤ.አ. በ1942 ብሩኖ ስትራውብ በሃንጋሪ አገር፣ በሴገድ ከተማ ከጡንቻ ለይቶ አወጣው። የአክቲን እንክብሎች እየተቀጣጠሉ 7 ናኖሜትር ያህል ውፍረት ያለው ክር ይሠራሉ። ይሁን እንጂ እንጨት ስለተከመረ ቤት አይሆንም፤ ልጥ ያስፈልገዋል። የሕዋስ ልጥ አክቲንን የሚይዙ ሌሎች ፕሮቲኖች ናቸው፤ ክሮቹ ምን እንደሚሆኑ የሚወስነውም የእነዚህ ቅርጽ ነው።

ፋሲን አጭርና ጠንካራ ስለሆነ ክሮቹን እንደ ደመራ ችቦ አጥብቆ ያስራቸዋል። አልፋ አክቲኒን ግን በሁለቱም ጫፍ መያዣ ያለው ረዘም ያለ ዘንግ ነው፤ ክሮቹን አራርቆ ስለሚያስር ጎታቹ ሚዮሲን በመካከላቸው መግቢያ ያገኛል። ፊላሚን ደግሞ ሁለት ረጃጅም ክንዶች አሉት፤ እያንዳንዱ ክንድ 24 ተመሳሳይ ክፍሎች ያሉትና የሚተጣጠፍ ስለሆነ ክሮቹን እያጠላለፈ የሚለጠጥ መረብ ይሠራል።

ሕዋስ ድንኳኑን እየነቀለ እንደሚተክል መንገደኛ ነውና ማፍረስም ያስፈልገዋል። ይህ የጌልሶሊን ሥራ ነው፤ ተጣጥፎ የተቀመጠው ፕሮቲን ካልሲየም ሲያገኝ ይዘረጋና ክሩን ቆርጦ ጫፉን ይደፍናል።

ይህ ሁሉ የላቦራቶሪ ጨዋታ አለመሆኑን ዲስትሮፊን ያስረዳል። ይህ ፕሮቲን በአንድ ጫፉ አክቲንን፣ በሌላው በኩል የጡንቻውን ሕዋስ ሽፋን ይይዛል። ዱሼን በተባለው በሽታ ዲስትሮፊን ስለሚጠፋ ጡንቻው በሠራ ቁጥር ሽፋኑ ይጎዳል፤ ወንዶች ልጆችም ገና በሩጫና በኳስ ዕድሜያቸው እየደከሙ ከመራመድ ይቀራሉ። መካከሉ ብቻ አጥሮ ሁለቱ መያዣዎች ሲተርፉ ግን ብዙውን ጊዜ በሽታው ይለዝባል፤ ስሙም ቤከር ይባላል። ተመራማሪዎችም ይህን ተመልክተው ለሕክምና የሚሆን መካከሉ ያጠረ ዲስትሮፊን ሠርተዋል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። የአንድ ልጅ እግር መጽናት ግን ድሩ በማበሩ ብቻ ሳይሆን፣ የሚያስረው ልጥ ሁለቱንም ጫፍ በመያዙ ነው።