በከፋ አገር የወንዝ ዕውርነትን ለማጥፋት ማኅበርና መንግሥት ስለ ተባበሩበት ሥራ

ሰው ለብቻው ሊያነሣው የማይችለውን ሸክም ከወንድሞቹ ጋራ ተባብሮ ማንሣቱ በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ዕድሩ የሞተውን ይቀብራል፤ ዕቁቡ ለነጋዴው መነሻ ገንዘብ ያቀርባል፤ የጽዋውም ማኅበር በየወሩ ነዳያንን ይመግባል። ነገር ግን የዕድሩ ደግነት ከሰፈሩ፥ የጽዋውም ደግነት ከአጥቢያው እምብዛም አይወጣም። በውጭ አገር ደግሞ አባሎቻቸው በየከተማው በምሳ ሰዓት እየተሰበሰቡ፥ ፊቱን አይተውት ለማያውቁት ለሩቅ አገር ሰው ገንዘብ የሚያዋጡ ማኅበሮች አሉ። ከእነዚህም አንዱ በቦንጋና በዙሪያዋ ባለው በከፋ አገር ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋራ ተባብሮ የሠራው ሥራ ሹማምንትም ካህናትም አስተውለው ሊመለከቱት የሚገባ ነው።

ማኅበሩ ላየንስ ክለብ፥ በትርጓሜው የአንበሶች ማኅበር የሚባለው ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1917 (ከዚህ በታች የሚጠሩትም ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ በኢንሹራንስ ሥራ ይኖር የነበረው ሜልቪን ጆንስ፥ ነጋዴዎች ተሰብስበው ስለ ንግዳቸው ብቻ ከሚነጋገሩ ለሕዝብ የሚጠቅም ሥራ ቢሠሩ ይሻላል ብሎ አቋቋመው። በ1925 ማየትም መስማትም የተሳናት ኸለን ከለር በጉባኤያቸው ተገኝታ የዕውራን ረዳቶች እንዲሆኑ ለመነቻቸው። ከዚያ ወዲህ የዐይን ነገር የማኅበሩ ዋና ሥራ ሆነ። በ1990 ሳይትፈርስት የተባለውን ሥራ ጀምረው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ140 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጡ። ይህ ሁሉ ገንዘብ ከአንድ ባለጸጋ ኪስ ሳይሆን ከብዙ ሰዎች ጥቂት በጥቂት የተሰበሰበ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

አሁን ወደ ከፋ እንመለስ። ከፋ ዝናሙ የማይጠፋበት፥ ቡናው በጫካ ውስጥ ሳይተከል የሚበቅልበት፥ ከደጋው ወደ ቆላው የሚወርዱት ወንዞች በድንጋይ ላይ እየተፋጩ የሚሮጡበት አገር ነው። ጎጀብም ከእነዚህ ወንዞች አንዱ ነው። የአገሩ ልምላሜ የሚመጣው ከዚሁ ውሃ ነው፤ የአገሩም በሽታ ከዚሁ ውሃ ይነሣል። ትንሿ ጥቁር ዝንብ እንቁላሏን የምትጥለው በረጋ ኩሬ ሳይሆን በሚፈጥን ውሃ ውስጥ ነውና። ዝንቢቱ የታመመውን ሰው ነክሳ ደሙን ስትመጥ የትሉን እጭ ትወስዳለች፤ ጤነኛውንም ስትነክስ ታስተላልፍበታለች። ትሉ በሰው ሥጋ ውስጥ አድጎ በቆዳ ሥር ዕጢ ይሠራል። የሚወልዳቸውም እጅግ ብዙ ልጆች በቆዳና በዐይን ውስጥ ይመላለሳሉ፤ ዕውርነቱም የሚመጣው ከዚህ ነው። በሽታው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ መኖሩን መጀመሪያ የጻፉት በ1939 የጣሊያን መርማሪዎች ናቸው።

በዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። የበሽታው ስም የወንዝ ዕውርነት ይባል እንጂ፥ በምዕራብ አፍሪቃ መንደሮችን ሙሉ እንዳሳወረ በዚህ አገር ብዙ ሰው አላሳወረም። በኢትዮጵያ ይልቁን የሚጎዳው ቆዳን ነው። ማሳከኩ ሌሊት እንቅልፍ ይከለክላል፤ ቆዳው እንደ ዝኆን ቆዳ ይሻክራል፥ ወይም እንደ ነብር ቆዳ ይዥጎረጎራል። የታመመው ሰው ሥራ ይፈታል፤ ከሰው መካከልም ያፍራል። እንግዲህ ለዐይን ተብሎ የተዋጣው ገንዘብ በከፋ በይበልጥ የጠቀመው ለቆዳ ነው ማለት ይቻላል፤ ለዚህም ማንም ሊከፋው አይገባም።

መድኃኒቱ ሜክቲዛን ይባላል። ሳቶሺ ኦሙራ የተባለው የጃፓን ሊቅ ከአገሩ አፈር ውስጥ ካገኘው ረቂቅ ሕይወት የተነሣ ሲሆን፥ ዊልያም ካምቤል ትል የሚያጠፋ መሆኑን አረጋገጠ። ስለዚህም ሁለቱ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። የመድኃኒቱ ባለቤት የሆነው መርክ የተባለው ኩባንያ በ1987 ለሚያስፈልገው ሁሉ፥ እስከሚያስፈልግበትም ዘመን ድረስ በነጻ ለመስጠት ቃል ገባ። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ የሚገድለው የትሉን ልጆች እንጂ እናቲቱን አይደለም። እናቲቱ ከ10 እስከ 15 ዓመት በሰው ሥጋ ውስጥ ትኖራለች። ስለዚህ ሕዝቡ እርስዋ አርጅታ እስክትሞት ድረስ በየዓመቱ ሳያቋርጥ መዋጥ አለበት።

መድኃኒቱ በነጻ ቢመጣም ከአዲስ አበባ እስከ ቦንጋ፥ ከቦንጋም መኪና እስከማይደርስበት ቀበሌ ድረስ በራሱ እግር አይሄድም። የማኅበሩና የመንግሥቱ መተባበር ያስፈለገው በዚህ ጊዜ ነው። በ2001 ሥራው ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ አገሮች አንዱ ያን ጊዜ ከፋና ሸካ የሚባለው ስፍራ ነበረ። የላየንስ ማኅበር ገንዘቡን ሰጠ። ጂሚ ካርተር ከፕሬዚዳንትነታቸው በኋላ ያቋቋሙት የካርተር ማዕከል ባለሙያ፥ መኪናና ሥልጠና አቀረበ፤ ካርተር ራሳቸው የላየንስ አባል ነበሩ። የኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ጤና ጣቢያዎቹንና ሠራተኞቹን ከነደመወዛቸው ሰጠ። ከዚህም በላይ በ1995 የተቋቋመው፥ ገንዘቡን የዓለም ባንክ ይጠብቅለት የነበረው፥ በሽታውን ለመቆጣጠር የቆመው የአፍሪቃ ፕሮግራም ከወጪው ድርሻ ነበረው።

ነገር ግን በዚህ የገንዘብ አሰጣጥ ውስጥ አንድ የማይገጥም ነገር ነበረ። የአፍሪቃው ፕሮግራም መጀመሪያ ያሰበው ለያንዳንዱ አገር አምስት ዓመት ያህል ረድቶ ከዚያ በኋላ ሥራውን ለመንግሥት ማስረከብ ነበር። ትሉ ግን የሚኖረው እስከ 15 ዓመት ነው። ለጋሽ በአምስት ዓመት ሲሰናበት ትሉ ገና ጎልማሳ ነው፤ መድኃኒቱም ቢቋረጥ ልጆቹ ተመልሰው ቆዳውን ይሞሉታል። ፕሮግራሙም በ2015 ተዘጋ። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ የሚሾም ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ለጋሹ ስንት ሰጠ የሚለውን ብቻ ሳይሆን እስከ መቼ ይሰጣል፥ ከዚያስ በኋላ በማን በጀት ይቀጥላል የሚለውን ነው። በ2025 የአሜሪካ መንግሥት የዕርዳታ መሥሪያ ቤት ሲዘጋ በብዙ አገር ይህ ጥያቄ በድንገት ተነሣ።

መድኃኒቱን በየቤቱ የሚያድለው ሐኪም አይደለም። መንደሩ ተሰብስቦ ከራሱ ሰዎች መካከል አዳይ ይመርጣል። አዳዩም ቤተሰቡን በስም ይመዘግባል፤ ሚዛን ስለሌለ ምልክት ባለበት ዘንግ የሰውን ቁመት ለክቶ ከአንድ እስከ አራት ፍሬ ያውጣል። ቁመቱ ከ90 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ሕፃን፥ ነፍሰ ጡር፥ በሳምንት ውስጥ የወለደች አራስ፥ ጽኑ በሽተኛም አይወስዱም። ለዚህ ድካም ደመወዝ የለም። በመጀመሪያ ጥቂት ሰዎች ብዙ ቤት ስለ ተሰጣቸው ደከሙ፤ ከእርሻቸውም ተለያዩ። በኋላ አዳዮቹን አብዝቶ፥ ሴቶችንም ጨምሮ፥ እያንዳንዱ ለገዛ ዘመዶቹና ለጎረቤቱ ብቻ እንዲያድል ተደረገ። ይህ የተሻለ ፍርድ ነው። ዘመድ ለዘመዱ ሲሄድ መንገዱ አጭር ነው፤ መድኃኒቱን የሚጠራጠረውም ሰው ከማያውቀው ይልቅ የአጎቱን ልጅ ያምናል። ሳያመው ለምን እንደሚውጥ ለማስረዳት ግን የቄሱና የሽማግሌው ቃል ከማናቸውም ወረቀት ይበልጣል።

በ2012 ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በሽታውን ከመቆጣጠር አልፎ ፈጽሞ ለማጥፋት ወሰነ፤ መድኃኒቱም በዓመት ሁለት ጊዜ ይሰጥ ጀመር። ማጥፋት ከመቆጣጠር የሚለየው በማስረጃው ነው። በአፍሪቃ የዓለም ጤና ድርጅት መጥፋቱን መጀመሪያ የመሰከረላት አገር በ2025 ኒጀር ናት። እንዲህ ያለው ምስክርነት ቸኩሎ አይሰጥም። ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ደም በወረቀት ላይ ጠብታ ተወስዶ ይመረመራል። ከየስፍራውም ቢያንስ 6000 ዝንቦች ተይዘው ይመረመራሉ፤ የትሉን እጭ የያዘችው ከ2000 ከአንድ ማነስ አለባት። ዝንቦቹንም የሚይዙት የዚያው መንደር ሰዎች ናቸው። ከወንዙ ዳር ተቀምጠው ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ዝንቢቱ እግራቸው ላይ እስክታርፍ ይጠብቃሉ፤ ሳትነክስም በፊት በትንሽ ብልቃጥ ይከድኑባታል። ብልቃጡም ሰዓቱና የወንዙ ስም ተጽፎበት ወደ አዲስ አበባ፥ ወደ ኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይላካል።