የኋላ መብራት፦ ለሌላው ዓይን የሚገዛ ዕቃ

ለልጁ ብስክሌት የሚገዛ አባት ፍሬኑን ይሞክራል፣ ጎማውን በአውራ ጣቱ ይጫናል፣ ደወሉን ያቃጭላል። የፊት መብራት ካለውም ያበራዋል፤ ልጁ መንገዱን ያይበታልና። ስለ ኋላው መብራት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ምክንያቱም የኋላ መብራት ለነጂው አንዳች ነገር አያሳየውም፤ ዞሮ ካላየ መብራቱ ይብራ ይጥፋ እንኳ አያውቅም። ጥቅሙ ሁሉ ከኋላ ለሚመጣው፣ ለማያውቀው ሰው ዓይን ነው።

እንደ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ባሉ ሜዳማ ከተሞች ብስክሌት የብዙ ቤተሰብ እግር ነው። ወጣቱ ለፈጅር ሶላት ገና ሳይነጋ ይወጣል፤ ከመግሪብ በኋላ ከቂርኣት ይመለሳል፤ በረመዳን ከተራዊሕ ሲወጣ ሌሊቱ ገፍቷል። በአገራችን ደግሞ ምሽት አያመነታም። ፀሐይ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቆይ ይጨልማል። ከሁሉ የሚያሳስበውም ይኸው ቀንና ሌሊት የሚለያዩበት ሰዓት ነው፤ በተለይ ሾፌሩም ብስክሌተኛውም ለኢፍጣር ቤታቸው ለመድረስ በሚጣደፉበት ወር።

እስቲ ነገሩን ከሾፌሩ ወንበር ላይ ሆነን እንየው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሾፌሩ ከፊቱ ያለው ምን እንደሆነ ተረድቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል፤ ፍሬኑ ከተያዘ በኋላም መኪናው በደረቅ አስፋልት ላይ እንኳ ወዲያው አይቆምም። ሁለቱ ሲደመሩ ወደ 40 ሜትር ይጠጋሉ። ጥቁር ጃኬት የለበሰን ልጅ በደበዘዘ የመኪና መብራት ከዚህ ርቀት ለይቶ ማየት ዓይኑ ለሚያይለትም ሰው ይከብዳል። ደህና ቀይ መብራት ግን ከብዙ መቶ ሜትር ይታያል።

ታዲያ ምን ዓይነቱ ይገዛ? በሱቅ ውስጥ ሁሉም ያበራል፤ ልዩነቱ የሚታወቀው ውጭ ነው። አንዳንዱ ርካሽ መብራት ውስጡ ነጭ አምፖል ሆኖ ከላይ ቀይ ፕላስቲክ ተደርጎበታል። ቀዩ ፕላስቲክ አብዛኛውን ብርሃን ስለሚያስቀረው የሚወጣው ደብዛዛ ነው። ራሱ ቀይ ብርሃን የሚያወጣ ኤል.ኢ.ዲ. ያለው ግን በትንሽ ኃይል ብዙ ይታያል። ስለዚህ ባለሱቁን አስፈቅዶ መብራቱን ደጃፉ ላይ ማስቀመጥና 50 እርምጃ ያህል ርቆ መመልከት ነው። ከቀጥታው ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ዞር ብሎ ማየት ይገባል፤ ከመስቀለኛ መንገድ የሚወጣው ባጃጅ የሚያየው ከጎን ነውና።

ብልጭ ድርግም የሚለው ይሻላል ወይስ ሳያቋርጥ የሚበራው? በዚህ ላይ አገሮችም አልተስማሙም። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2005 ብልጭ ድርግም የሚለውን ፈቅዳለች፤ ጀርመን ትከለክላለች። ብልጭታው ዓይን ይስባል፤ ይሁንና ሾፌሩ ብስክሌቱ ምን ያህል እንደራቀና ወዴት እንደሚያዘነብል ለመገመት ይቸገራል። በእኛ አስተያየት አንድ መብራት ብቻ ያለው ሰው ሳያቋርጥ የሚበራውን ይምረጥ። ሁለት ከተገኘ አንዱ ይበራል፣ ሌላው ብልጭ ይላል። ዓይን የሚወጋውን ኃይለኛ መብራት ወደ ላይ አቅንቶ መሄድ ግን ከኋላ ያለውን ሌላ ብስክሌተኛ ማሳወር ነው፤ መንገደኛን ማስቸገር ደግሞ ከእኛ አይጠበቅም።

ከዋጋው ይልቅ የሚያስቆጨው መብራቱ የሚታሰርበት ቦታ ነው። ብዙዎቹ የሚሠሩት ከመቀመጫው ሥር ባለው ቱቦ ላይ እንዲታሰሩ ነው። ጀለቢያ ለብሶ የተቀመጠ ሰው ግን የልብሱ ጫፍ ወርዶ መብራቱን ይሸፍነዋል፤ ጂልባብም እንደዚሁ፣ ጋቢም እንደዚሁ። ከኋላ መጫኛው ላይ ታናሽ ወንድም ወይም የጤፍ ከረጢት ካለ ደግሞ ጨርሶ አይታይም። ስለዚህ መብራቱ ከመጫኛው ጫፍ ወይም ከኋላው ፓራፋንጎ ላይ በጥብቅ ቢታሰር ይመረጣል። ከዚያ ልጁን በለበሰው ልብስ ብስክሌቱ ላይ አስቀምጦ ከኋላ ማየት ነው። እህቶች የቤቱን ብስክሌት ሲይዙም ይኸው ሙከራ ይደገም።

ኃይሉ ከየት ይመጣል? አባቶቻችን የሚያስታውሱት ዲናሞ ከጎማው ጎን እየተፋተገ 6 ቮልትና 3 ዋት ይሰጥ ነበር፤ ከዚህም ለኋላው የሚደርሰው 0.6 ዋት ብቻ ነው። ባትሪ ድንጋይ አይጠይቅም፤ ነገር ግን ብስክሌቱ ሲቆም መብራቱም ይጠፋል፤ ያውም መኪና ከኋላ በሚጠጋበት መስቀለኛ ላይ! የፊቱ አምፖል ሲቃጠልም ኃይሉ ሁሉ ወደ ኋላው ሄዶ ያንንም ያቃጥለው ነበር። ዛሬ በስልክ ቻርጀር የሚሞላው በዝቷል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ግን ከሰፈር ሱቅ በሚገኘው ቀጭን ባትሪ ድንጋይ የሚሠራው የተሻለ ነው፤ አንድ ጥንድ መለወጫ በቦርሳ ይያዛል። የሚሞላውን የመረጠ ከስልኩ ጋር ሁልጊዜ አብሮ ይሰካው። የዝናብ መከላከያውንም መጠየቅ ነው፤ ማሸጊያው ላይ አይ.ፒ.ኤክስ. 4 የሚል ካለ ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውኃ አያበላሸውም።

እናቶች እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። ትንንሾቹ መብራቶች እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ በሆነ የሊቲየም ባትሪ ይሠራሉ። ሕፃን ልጅ ይህን ከዋጠው ጉሮሮው ውስጥ ተቀርቅሮ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል። ዋጠ ተብሎ ከተጠረጠረ እስኪያመው አይጠበቅም፤ ያኔውኑ ወደ ሐኪም ቤት ነው። ታዳጊ ልጅ ያለበት ቤት ክዳኑ በብሎን የሚዘጋውን ይግዛ፤ ያለቀውም ባትሪ መሬት ላይ አይጣል።

መብራት ለመግዛት አቅም ላነሰው ወይም ባትሪው መንገድ ላይ ላለቀበት ቀይ አንጸባራቂ አለ። ውስጡ በጥቃቅን ማዕዘኖች የተሠራ ስለሆነ የመኪናውን ብርሃን ወደመጣበት መልሶ ይልከዋል። በራሱ አያበራምና መብራት የሌለው ባጃጅ አያየውም፤ የመብራት ምትክ ሳይሆን አጋዥ ነው። በፔዳሉ ላይ ያለው ደግሞ ከእግር ጋር ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚል ሾፌሩ የሰው እንቅስቃሴ መሆኑን ቶሎ ይለያል። አቧራ ሲሸፍነው ግን ሁሉም ይሞታል። ጁሙዓ ጠዋት ብስክሌቱ ከግቢ ከመውጣቱ በፊት በእርጥብ ጨርቅ አንድ ጊዜ ማበስ ይበቃዋል።