የተጣለ የውሃ ጠርሙስ ወዴት ይሄዳል? የ9ኛ ክፍል የእንቅስቃሴ ትምህርትና የፕላስቲክ ጠርሙስ ቅነሳ በካፋ ዞን

ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው በካፋ ዞንና በአካባቢው ለሚገኙ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህራን፣ ተማሪዎችና ወላጆች ነው። ዓላማው በተለምዶ «ሃይላንድ» እያልን የምንጠራው የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ ለፊዚክስ ትምህርት እንዴት እንደሚያገለግል፣ በዚያው ትምህርት አማካይነትም በትምህርት ቤቱ የሚጣለውን ጠርሙስ መቀነስ እንዴት እንደሚቻል ማስረዳት ነው። ሥራው ልዩ በጀትም ሆነ የተሟላ ቤተ ሙከራ አይጠይቅም።

ጉዳዩ ካፋን ለምን ይመለከታል?

የካፋ ደን የዱር ቡና መገኛ ነው። አካባቢው በ2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2010) በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል። በዚህ ደን ውስጥና በቦንጋ ዙሪያ ከሚፈልቁት ጅረቶች ብዙዎቹ ወደ ጎጀብ ይገባሉ። ጎጀብ ከኦሞ ጋር ይቀላቀላል፤ ውሃው በጊቤ ሦስት ግድብ ተጠራቅሞ ካለፈ በኋላ ወደ ቱርካና ሐይቅ ይወርዳል። ቱርካና ደግሞ ወደ ባሕር መውጫ የለውም።

በቦንጋ የመንገድ ዳር ቦይ ውስጥ የተጣለ ጠርሙስም ጎርፍ ሲመጣ ጉዞውን የሚጀምረው በዚሁ መስመር ነው። ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጠርሙስ ይንሳፈፋል። ውሃ ከገባበት ግን ፕላስቲኩ ራሱ ከውሃ ስለሚከብድ ይሰምጣል፤ ከሌላ ዓይነት ፕላስቲክ የሚሠራው ክዳኑ ብቻውን መንሳፈፉን ይቀጥላል። ጠርሙሱ አይበሰብስም፤ በፀሐይና በግጭት እየተሰባበረ በዓይን ወደማይታይ ቅንጣት ይለወጣል። እንግዲህ «የት ደረሰ?» «በስንት ጊዜ?» የሚሉት ጥያቄዎች የእንቅስቃሴ ትምህርት ጥያቄዎች ናቸው። የ9ኛ ክፍል ተማሪም ሊመልሳቸው የሚያስችል ዕውቀት በመጽሐፉ ውስጥ ያገኛል።

ትምህርቱ ከየት ይነሳል?

የ9ኛ ክፍል ፊዚክስ በቀጥታ መስመር ላይ ስለሚደረግ እንቅስቃሴ የሚያስተምር ምዕራፍ አለው። በምዕራፉ ተማሪው ርቀትን፣ ጊዜን፣ ፍጥነትንና የፍጥነትን ለውጥ እንዲለካና በግራፍ እንዲያሳይ ይጠበቃል። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ ብዙ ተማሪዎች ቀመሩን ሲይዙ ትርጉሙ ያመልጣቸዋል። ከዚህ በታች የተመለከቱትን ተግባራት ተማሪዎች በካፊኖኖም ሆነ በአማርኛ እየተወያዩ ሠርተው፣ ውጤቱን በትምህርቱ ቋንቋ ሊጽፉ ይችላሉ።

ተግባር አንድ፦ ጠርሙስ በተዳፋት ላይ

የሚያስፈልገው 2 ሜትር ርዝመት ያለው ለስላሳ ጣውላ፣ ሜትር፣ የሰዓት መቁጠሪያና ሁለት ተመሳሳይ ጠርሙሶች ናቸው። የጣውላው አንድ ጫፍ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይደረግና ባዶው ጠርሙስ ሳይገፋ ተለቆ እንዲንከባለል ይደረጋል። በሒሳቡ መሠረት ጠርሙሱ የመጀመሪያውን ግማሽ ሜትር ለመጨረስ 2 ሰከንድ ያህል ሲወስድበት፣ ሙሉውን 2 ሜትር ለመጨረስ የሚወስድበት 4 ሰከንድ ያህል ነው። ጊዜው በእጥፍ ሲያድግ ርቀቱ በአራት እጥፍ አድጓል ማለት ነው። የጣውላው ሸካራነት ጠርሙሱን ስለሚያዘገየው በክፍል ውስጥ የሚገኘው ቁጥር ከዚህ ከፍ ሊል ይችላል። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ መወያየትም የትምህርቱ አካል ነው።

አማካይ ፍጥነቱ 2 ሜትር ለ4 ሰከንድ ሲካፈል በሰከንድ ግማሽ ሜትር ይሆናል። ጠርሙሱ ከቆመበት ተነስቶ እኩል እየፈጠነ ስለሚሄድ በጣውላው መጨረሻ ላይ የሚኖረው ፍጥነት የአማካዩ እጥፍ፣ ማለትም በሰከንድ 1 ሜትር ያህል ነው።

ቀጥሎ ሁለተኛው ጠርሙስ በውሃ ተሞልቶ ይለቀቃል። ተማሪዎች የትኛው ቀድሞ እንደሚደርስ አስቀድመው ይገምቱ። ውሃ የተሞላው ይቀድማል፤ 3 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። ባዶው ጠርሙስ ሲንከባለል ክብደቱ በሙሉ አብሮ ይሽከረከራል። በተሞላው ግን ውሃው ከሞላ ጎደል ሳይሽከረከር ቁልቁል ስለሚወርድ ለመሽከርከር የሚባክነው ኃይል አነስተኛ ነው።

ተግባር ሁለት፦ የውሃ ሰዓት

ጋሊሊዮ የተዳፋት ሙከራውን ሲያደርግ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ እንደገለጸው፣ ከአንድ ትልቅ ዕቃ በቀጭን ቱቦ የሚወርደውን ውሃ እያጠራቀመና እየመዘነ ጊዜን ይለካ ነበር። ተማሪዎችም ይህንኑ በጠርሙስ ሊሠሩት ይችላሉ። መምህሩ የአንድ ትልቅ ጠርሙስ ግርጌ ቆርጦ ያነሳል፤ ስለታማው ጠርዝ በፕላስተር ይሸፈናል፤ ክዳኑም በጋለ ሚስማር ይበሳል። ጠርሙሱ ተዘቅዝቆ ይንጠለጠልና በውሃ ይሞላል። የሚወርደው ውሃ ከታች በተቀመጠ ሌላ ጠርሙስ ይጠራቀማል። በየ10 ሰከንዱ የደረሰበት ከፍታ በታችኛው ጠርሙስ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ይደረግበታል።

የላይኛው ውሃ እየጎደለ ሲሄድ የሚወርደውም ይቀንሳል። ሰዓቱ ትክክል እንዲሆን ውሃው እየተጨመረ ከፍታው እኩል መጠበቅ አለበት። ተንቀሳቃሽ ስልክ ወደ ክፍል በማይገባበት ትምህርት ቤት ይህ መሣሪያ ለተግባር አንድ በቂ ነው።

ተግባር ሦስት፦ የጅረት ፍጥነት

ጥልቀት በሌለው ቀስ ብሎ በሚፈስ ጅረት ወይም ቦይ ዳር 20 ሜትር ይለካና መነሻውና መድረሻው በካስማ ይለያል። ግማሹ ድረስ ውሃ የተሞላና ክዳኑ የተዘጋ ጠርሙስ በረጅም ሲባጎ ታስሮ ከመነሻው ከፍ ብሎ ይለቀቃል። ግማሹ የሚሞላው ነፋስ እንዳይገፋው ነው። ሲባጎው ጠርሙሱን ሳይዘው ላላ እያለ ይለቀቅለት፤ ሲያበቃ ጠርሙሱ በእርሱ ተስቦ ይወጣል። ልኬቱ ሦስት ጊዜ ተደግሞ አማካዩ ይወሰዳል።

ለምሳሌ ጠርሙሱ 20 ሜትሩን በ40 ሰከንድ ካለፈ ፍጥነቱ በሰከንድ ግማሽ ሜትር፣ በሰዓት 1.8 ኪሎ ሜትር ነው። ሳይቆም በዚሁ ፍጥነት ቢሄድ በአንድ ቀንና ሌሊት 43.2 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በእርግጥ ጠርሙሱ በሥርና በድንጋይ እየተያዘ ስለሚዘገይ ይህ ቁጥር ከፍተኛው ግምት ነው። ይሁን እንጂ ጠዋት በትምህርት ቤት በር ላይ የተጣለ ዕቃ በማግስቱ የሌላ ቀበሌ፣ የሌላ ወረዳ ችግር ሊሆን እንደሚችል ተማሪው በራሱ ሒሳብ ያረጋግጣል። ታች ያለው ገበሬ ከብቱን የሚያጠጣው፣ እናቶችም ውሃ የሚቀዱት ከዚሁ ወንዝ ነው።

ይህ ተግባር ያለ መምህር አይሠራም። በክረምት፣ ዝናብ በጣለበት ቀንና ከፍ ባሉ ወንዞች ላይ ፈጽሞ መሞከር የለበትም።

ተግባር አራት፦ የጠርሙስ ቆጠራ

ክፍሉ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ በግቢው የተጣሉ ጠርሙሶችን ይቆጥራል። 60 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ግማሾቹ በቀን አንድ ባለ ግማሽ ሊትር ጠርሙስ ቢገዙ በቀን 30፣ በሳምንት 150፣ በ40 የትምህርት ሳምንታት 6,000 ጠርሙስ ይሆናል። የሚይዙት መጠን ብቻ ሲደመር 3,000 ሊትር ወይም 3 ሜትር ኩብ ነው። የየትምህርት ቤቱ ትክክለኛ ቁጥር በቆጠራው ይታወቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ከላይ ለተዘረዘሩት ሙከራዎች አንድ ክፍል የሚያስፈልገው ከ20 ጠርሙስ አይበልጥም። ስለዚህ ጠርሙስን ለትምህርት መሣሪያነት ማዋል ብቻውን ቆሻሻውን አይቀንስም። ቅነሳው የሚመጣው ጠርሙሱ መጀመሪያውኑ ሳይገዛ ሲቀር ነው። ተማሪዎች የታሸገ ውሃ ከሚገዙባቸው ምክንያቶች ዋነኛው በትምህርት ቤቱ የሚጠጣ ንጹሕ ውሃ አለመኖሩ ወይም አለመታመኑ ነው። እንዲህ ባለበት ግቢ «ጠርሙስ አትግዙ» የሚል ምክር ብቻውን ፍሬ አያፈራም።

በመሆኑም የቆጠራው ውጤት ለርእሰ መምህሩና ለወላጅ መምህር ኅብረት በጽሑፍ እንዲቀርብ ይመከራል። ከውጤቱ ጋር ሊቀርቡ የሚችሉ ጥያቄዎች የሚከተሉት ናቸው፦

• በየክፍሉ ወይም በየሕንጻው ቧንቧ የተገጠመለት፣ ክዳን ያለው የመጠጥ ውሃ ማጠራቀሚያ እንዲቀመጥ፤
• ውሃው በጤና ባለሙያ ምክር መሠረት ተፈልቶ ወይም በክሎሪን ታክሞ እንዲቀርብ፤ የሚቀዳበትና የሚጸዳበት ተራም እንዲወሰን፤
• ተማሪው ከቤቱ ኮዳ ወይም ኩባያ ይዞ እንዲመጣ፤
• በስብሰባና በበዓል ቀን ትምህርት ቤቱ ለእንግዶች ውሃ በብርጭቆ እንዲያቀርብ።

ከአንድ ወሰነ ትምህርት በኋላ ቆጠራው ይደገማል። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የተደረገው ለውጥ ይታያል።

ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

ማንኛውም ጠርሙስ ለሙከራ ይሆናል? አይሆንም። ፀረ ተባይ ወይም ሌላ መርዛማ ኬሚካል የነበረበት ጠርሙስ ታጥቦም ቢሆን ወደ ክፍል መግባት የለበትም። ለሙከራ በዋለ ጠርሙስም ውሃ አይጠጣበትም፤ «የሙከራ» ተብሎ ይጻፍበት።

ሙከራው ሲያልቅ ጠርሙሶቹ ምን ይደረጋሉ? ለቀጣዩ ዓመት ክፍል ይቀመጣሉ። የተረፉት ተጨፍልቀው በጆንያ ይጠራቀሙና ለቁራሌ ወይም ጠርሙስ ለሚሰበስቡ ማኅበራት ይሰጣሉ። በግቢ ውስጥ ማቃጠል አይገባም፤ ጭሱ ለጤና ጎጂ ነው።

ሕጉ ምን ይላል? የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። በአንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን የመጠበቅ ግዴታ የመንግሥትና የዜጎች መሆኑን ያስቀምጣል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ በዋናነት የሚከለክለው የፕላስቲክ ከረጢትን፣ በተለምዶ ፌስታል የምንለውን ነው። የውሃ ጠርሙስን መቀነስ በአብዛኛው ለተጠቃሚው ልማድና ለተቋማት አሠራር የተተወ ነው።

ሥራው በውጤት ይያዛል? መምህሩ የምዕራፉ የተግባር ሥራ አድርጎ ሊመዝነው ይችላል። የተማሪው ሠንጠረዥ፣ ግራፍና አጭር ማብራሪያ ለምዘናው በቂ ናቸው።

ተጨማሪ ማብራሪያ የሚፈልግ የት ይጠይቅ? መምህራን ለወረዳቸው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ወላጆች ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ጥያቄያቸውን ማቅረብ ይችላሉ። የቆሻሻ ማንሻ ቦታና ጊዜን የሚመለከት ጥያቄ ለከተማው ማዘጋጃ ቤት ይቀርባል።