ለቤትና ለጫጩት ማሞቂያ ተስማሚ ነጭ ጋዝ አመራረጥ

መግቢያ

በደጋ አገር የሌሊት ብርድ ለሰውም ለጫጩትም ጠላት ነው። የኤሌክትሪክ መብራት ባልደረሰበት ወይም በሚቋረጥበት ቦታ ገበሬው ቤቱንና ያለ እናት ዶሮ የሚያድጉ ጫጩቶችን የሚያሞቀው በእንጨት፣ በከሰል ወይም በአንዳንድ አካባቢ ላምባ በሚባለው በነጭ ጋዝ ነው። ደህና ሆኖ የተሠራ ማሞቂያ እንኳ መጥፎ ጋዝ ከተሞላበት ቤት ያቃጥላል፤ ጫጩት ይፈጃል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋዙን ሲገዙ፣ ሲያስቀምጡና ሲያከፋፍሉ ሊያደርጉት የሚገባውን ጥንቃቄ ማስረዳት ነው።

1. ቤንዚንና ናፍጣ ለምን አይሆኑም?

የሚነደው ፈሳሹ ሳይሆን ከፈሳሹ የሚወጣው ተን ነው። ነጭ ጋዝ እሳት የሚይዝ በቂ ተን የሚሰጠው ቢያንስ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ነው። ስለዚህ በቀዝቃዛ ቤት በማሞቂያው ጋን ውስጥ ያለው ጋዝ አይነድም፤ የሚነደው በክሩ ስቦ የወጣው ብቻ ነው። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማም ቢሆን ተኑ እሳት ይይዛል። ጥቂት ቤንዚን በነጭ ጋዝ ውስጥ ከገባ ተኑ በጋኑ ውስጥ ይከማችና ማሞቂያው ሊፈነዳ ይችላል። ናፍጣ በበኩሉ ከባድ ስለሆነ ክሩን ይደፍናል፤ ጭስና ጥላሸትም ያበዛል።

ሌላው ጉዳይ በጋዙ ውስጥ ያለው የድኝ መጠን ነው። ድኝ ሲቃጠል ዓይንና ጉሮሮ የሚቆጠቁጥ አየር ይፈጥራል። በአሜሪካ መመዘኛ የጭስ መውጫ ለሌለው ማሞቂያ የሚፈቀደው «1-ኬ» የተባለው ደረጃ ሲሆን፣ ድኙ ከመቶ 0.04 አይበልጥም። «2-ኬ» በተባለው እስከ 0.30 ይደርሳል። ደረጃው ባልተጻፈበት ጋዝ ገዢው ከዚህ በታች ባለው አኳኋን ይመርምር።

2. ጋዙን መመርመሪያ

ሀ. መልክ፦ ጋዙን በንጹሕ ብርጭቆ ጠርሙስ ቀድቶ በብርሃን ማየት። ጥሩ ጋዝ እንደ ውሃ የጠራ ነው። የቢጫነት፣ የቡናማነት ወይም የድፍርስነት መልክ ካለው አይገዛ።

ለ. ውሃና ዝቃጭ፦ ጠርሙሱን ከድኖ ማሳደር። 1 ሊትር ነጭ ጋዝ 800 ግራም ያህል ስለሚመዝን ከውሃ ይቀላል፤ ውሃ ካለበት ከታች ተለይቶ ይታያል።

ሐ. ወረቀት፦ ከእሳት ርቆ በጥላ ሥር አንድ ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ ማድረግና ጥሩነቱ ከታወቀ ጋዝ ጠብታ ጋር ማወዳደር። ከጥሩው ፈጥኖ ከደረቀ ቤንዚን፣ ቅባት ትቶ ከቆየ ናፍጣ ያጠራጥራል።

እነዚህ ምርመራዎች መጥፎውን ጋዝ ለመጣል ይረዳሉ እንጂ ጥሩነቱን አያረጋግጡም፤ ጥቂት ቤንዚን በዓይን አይለይም። ስለሆነም ዋናው ማረጋገጫ ጋዙ ከየት እንደመጣና በምን እንደተጓጓዘ ማወቅ ነው። እሳት ለኩሶ መሞከር ፈጽሞ ክልክል ነው።

3. የማኅበሩ ኃላፊነት

• ቤንዚን የነበረበትን በርሜል ለነጭ ጋዝ አለመጠቀም፤ መቅጃውንና ማንቆርቆሪያውን መለየት።
• በርሜሉ ላይ «ነጭ ጋዝ» ብሎ በጉልህ መጻፍና ከእህል፣ ከዘርና ከፀረ ተባይ መድኃኒት ርቆ ማስቀመጥ።
• ከእያንዳንዱ ግዥ አንድ ጠርሙስ ናሙና ቀን ጽፎ ማቆየት። አቤቱታ ሲነሣ የማኅበሩ ምስክር ይህ ነው።
• በውሃና በለስላሳ ጠርሙስ አለመሸጥ። ሕፃን ጋዝ ከጠጣ እንዲያስመልሰው አይደረግ፤ ጋዙ ወደ ሳንባ ገብቶ የባሰ ጉዳት ያደርሳልና። ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል።

4. በአጠቃቀም ጊዜ

ማሞቂያው ጠፍቶና ቀዝቅዞ ሳለ ከቤት ውጭ ይሞላ። ጥሩ ጋዝም ቢሆን አየር ባጠረው ቤት ሲነድ ሽታ የሌለውና የሚገድል ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሰጣል፤ ስለዚህ መስኮት ገርበብ ይደረግ፤ ማሞቂያው እየነደደ አይተኛ። ነበልባሉ ከጨሰ ክሩን መከርከምና ማስተካከል፣ ካልተሻለ ጋዙን መጠርጠር ይገባል።

ጫጩቶች በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋሉ፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነሳል። በማሞቂያው ሥር ከተፋፈጉ በርዷቸዋል፤ ከርሱ ሸሽተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል። ማሞቂያው ከጉዝጓዙ በአጥር ይለይ። አስተማማኝ ጋዝ ካልተገኘ ጫጩቶቹ በራሳቸው ገላ ሙቀት የሚያድሩበትን፣ ዙሪያው ሣር የተጠቀጠቀበትን የማሳደጊያ ሣጥን መጠቀም ይሻላል።

ማጠቃለያ

ከማይታወቅ በርሜል በርካሽ የተገዛ ጋዝ የሚያተርፈው ሳንቲም ነው፤ የሚያጠፋው ግን ቤትና ነፍስ ነው። የልማት ሠራተኛው ይህን በስብሰባ ከመናገር አልፎ የጠራውንና የደፈረሰውን ጋዝ በሁለት ጠርሙስ ጎን ለጎን አድርጎ ለአባላቱ ቢያሳይ ትምህርቱ አይረሳም።