ከአዋጅ በፊት ምክር

«ምከረው ምከረው፥ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለው ተረት የተነገረው ለግትር ሰው ነው። ነገር ግን መንግሥትንም መከራ የሚመክርበት ጊዜ አለ። በደቡብ አፍሪቃ የሆነው ነገር ይህን ያስረዳል።

የነጮቹ መንግሥት በአውሮፓ አቆጣጠር በሴፕቴምበር 30 ቀን 1991 ዓ.ም. ቫት የተባለውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ከመቶ ዐሥር አድርጎ አስከፈለ። (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) የሠራተኛ ማኅበራት ታክሱ የድኻውን ምግብና መድኃኒት የሚነካ ስለ ሆነ እንዲመከርበት ቢጠይቁ የሚሰማቸው አላገኙም። ስለዚህ በኖቬምበር 4 እና 5 ቀን ሚሊዮኖች ሥራቸውን ትተው ከቤታቸው ዋሉ። አብዛኞቹ ጥቁሮች ስለ ነበሩ እንደራሴ የመምረጥ መብት አልነበራቸውም፤ ድምፃቸው አድማው ነበር።

በሚከተለው ዓመት መንግሥት፥ ነጋዴዎችና ሠራተኞች ስለ ኤኮኖሚ የሚመክሩበት ሸንጎ ተቋቋመ። በ1994 ኔልሰን ማንዴላ ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላ ሐሳቡ በሕግ ጸና፤ በ1995 ኔድላክ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ብሔራዊ የኤኮኖሚ ልማትና የሠራተኛ ምክር ቤት በጆሃንስበርግ ሥራውን ጀመረ።

በብዙ አገሮች እንዲህ ያለው ሸንጎ ሦስት ወገን አለው፤ ይኸውም መንግሥት፥ አሠሪና ሠራተኛ ነው። ደቡብ አፍሪቃውያን ግን አራተኛ ወንበር ጨመሩ። በዚያ ላይ የሴቶች፥ የወጣቶች፥ የአካል ጉዳተኞችና የሰፈር ነዋሪዎች ማኅበራት እንደራሴዎች ይቀመጣሉ። በሕጉ መሠረት ሥራንና ሠራተኛን የሚመለከት ረቂቅ ሕግ ሁሉ ፓርላማ ከመግባቱ በፊት እዚህ ይመከርበታል፤ በኤኮኖሚውና በማኅበራዊው ኑሮ ላይ የሚደረገው ትልቅ ለውጥም እንዲሁ። ምክር ቤቱ ሕግ አያወጣም፤ ሥራው ሕጉ ከመጽናቱ አስቀድሞ የሚነካቸው ወገኖች ፊት ለፊት እንዲነጋገሩ ማድረግ ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ ፍሬ የ1995ቱ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ የተቋቋመው የዕርቅና የግልግል ኮሚሽን ያለ አግባብ ተባረርሁ የሚለውን ሠራተኛ አቤቱታ ገንዘብ ሳያስከፍል ይሰማል። ደግሞም ሠራተኞች በኤኮኖሚ ጉዳይ የተቃውሞ አድማ ለማድረግ ሲፈልጉ፥ ምክንያታቸውን ጽፈው በቅድሚያ ለኔድላክ ያቀርባሉ። ነገሩ ተመክሮበት ስምምነት ከጠፋ፥ ሕጉ የሚያዘውን ማስታወቂያ ሰጥተው ቢወጡ ከሥራ መባረርን አይፈሩም። የ1991ዱ ቁጣ እንዲህ ባለው መንገድ ሥርዓት አገኘ።

የምክሩ ክብደት የታየው ግን በዝቅተኛው ደመወዝ ጉዳይ ነው። ነገሩ በ2014 ተጀምሮ ስምምነት የተፈረመው በ2017 ነው። አሠሪዎች ደመወዝ በሕግ ከፍ ቢል ሥራ ይጠፋል ብለው ሠጉ፤ ሠራተኞች ደግሞ በትንሽ ገንዘብ ቤተሰብ አይተዳደርም አሉ። ድርድሩን የመሩት የዚያን ጊዜው ምክትል ፕሬዚዳንት ሲሪል ራማፎሳ ነበሩ። እኚህ ሰው ቀድሞ የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ዋና ጸሐፊ፥ ኋላም ባለጸጋ ነጋዴ ነበሩና የሦስቱንም ወንበር ጠባይ ያውቁታል።

ከጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ጀምሮ ዝቅተኛው ደመወዝ በሰዓት 20 ራንድ ሆነ። ይሁን እንጂ ለእርሻ ሠራተኛ 18፥ ለቤት ሠራተኛም 15 ራንድ ብቻ ተወሰነ። ስምንት ሰዓት የሠራች የቤት ሠራተኛ 120 ራንድ ስታገኝ የፋብሪካው ሠራተኛ 160 ያገኛል ማለት ነው። የእርሻው ሠራተኛ በ2021፥ የቤት ሠራተኛዋም በ2022 ከሌሎቹ ጋር እኩል ሆኑ። በዚያን ጊዜ በኔድላክ ወንበር ያልነበረው ሳፍቱ የተባለው የማኅበራት ኅብረት 20 ራንዱ እጅግ ያነሰ ነው በማለት በኤፕሪል 2018 አድማ አድርጎ ነበር። ምክር ቅሬታን ሁሉ አያጠፋም።

ሸንጎው ሌላም ጉድለት አለበት። በ1996 መንግሥት ጊር የተባለውን የኤኮኖሚ ዕቅድ ያወጣው በኔድላክ ሳያስመክር ነው፤ ዋናው ነገሩም ለድርድር እንደማይቀርብ አስታወቀ። ከዚህ የተነሣ በመንግሥትና በማኅበራቱ መካከል ያደረው ቅያሜ ለብዙ ዓመታት ቆየ። የምክር ቤት በር ክፍት ሆኖ ባለሥልጣኑ በጓሮ ቢያልፍ፥ በሩ መከፈቱ ምን ይጠቅማል?

ከሁሉ የሚከብደው ግን በ2020ዎቹ ዓመታት በዚያ አገር ከሠራተኛው ኀይል ከመቶ ሠላሳ የሚበልጠው ሥራ ያጣ መሆኑ ነው። ሥራ የሌለው ሰው አድማ ሊያደርግ አይችልም፤ የሚያቆመው ሥራ የለውምና። መዋጮ የሚከፍልበት ማኅበርም የለውም። አራተኛው ወንበር የተጨመረው ለእንዲህ ያለው ሰው ጭምር ነው፤ ነገር ግን ገንዘብና ባለሙያ ካላቸው ከሦስቱ ወንበሮች አጠገብ ድምፁ ደካማ ነው።

ጉዳዩ ለኛም ሩቅ አይደለም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስን፥ የመንግሥት፥ የሠራተኛ ማኅበራትና የሌሎችም ባለጉዳዮች እንደራሴዎች ያሉበት የደመወዝ ቦርድ እንዲኖር ይደነግጋል። እንግዲህ ዛሬ በትምህርት ቤት ያላችሁ፥ ወይም በየመሥሪያ ቤቱ ረቂቅ የምትጽፉ ወጣቶች፥ ወረቀቱ ከፊታችሁ ሲደርስ ከቁጥሩና ከአንቀጹ አስቀድማችሁ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ይህ ሕግ የሚነካው ሰው ተጠርቷልን? ካልተጠራ ይጠራ። ዛሬ ምክሩ ጥቂት ወራት ቢያዘገየን፥ ነገ ከአድማ በኋላ ከመምከር ይሻላል።