ዴስክቶፑ ዋይፋይ የለውም? እንግዲያው እናስይዘው!

ወጣቶች፣ በቤታችሁ ወይም በክበባችሁ ያለው ዴስክቶፕ ኮምፒውተር «ዋይፋይ የለውም» ተብሎ ጥግ ይዟል? እናንተስ ለክፍል ሥራ በየኢንተርኔት ቤቱ ገንዘብ ታወጣላችሁ? እስቲ ይህን አንብቡ።

ላፕቶፕና ስማርት ስልክ የሬዲዮ ሞገድ መቀበያና ማስተላለፊያ አብሯቸው ይሠራል። ብዙ ዴስክቶፖች ግን በገመድ እንዲገናኙ የተሠሩ ስለሆኑ ይህ ዕቃ የላቸውም። የጎደላቸው ይኸው ብቻ ነው!

ቀላሉ መፍትሔ ፍላሽ የሚመስለው የዩኤስቢ ዋይፋይ ነው። ሳጥኑን መክፈት አያስፈልግም፤ ሰክቶ መጠቀም ነው። ውስጥ የሚገጠም ካርድም አለ፤ እሱን የመረጠ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ያጥፋ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱንም ይንቀል።

ስትገዙ ስለ ሞገዱ ጠይቁ። 2.4 ጊጋኸርዝ ግድግዳ በማለፍ ይሻላል፤ 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ቢሆንም ከርቀት ይደክማል። ሁለቱንም የሚይዝ ከተገኘ እሰየው!

ኮምፒውተሩ የተሰካውን ዕቃ ካላወቀው አትደናገጡ፤ ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም ይፈልጋል። «ያለ ኢንተርኔት ከየት ይመጣል?» ትሉ ይሆናል። በሌላ ኮምፒውተር ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዳችሁ በፍላሽ አምጡት። ወይም አንድሮይድ ስልክን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝታችሁ ኢንተርኔቱን ለኮምፒውተሩ አጋሩ።

ኔትወርኩ ደከመ? ብረት ሞገድ ያግዳል። ከሳጥኑ ጀርባ የሰካችሁትን ነቅላችሁ ከፊት ሰኩት፤ አለዚያም በዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ጠረጴዛ ላይ አውጡት።

አንድ ነገር አትርሱ፦ የቤታችሁን ዋይፋይ ያለ ጠንካራ የይለፍ ቃል ክፍት አትተዉት። ምስጢሩም፣ ሒሳቡም የእናንተ ነውና!